ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2078 ዓ.ም. ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለምስክርነት መጠራቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ በራ። ደስታዬን አልደብቅም። መዝገቡ በሚባለው መሥሪያ ቤት የደሴ ቅርንጫፍ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ችሎት ፊት የቀረበ አረጋጋጭ አይቼ አላውቅም። ከጎኔ የምትቀመጠው ሀያት አንገቷን አስግጋ ደብዳቤውን አነበበችና፣ «ምነው ታዲያ በዚህ ሸሚዝ መጣህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክርኑ የሳሳ ሸሚዝ ነበር።

ሥራዬን ላስረዳ፤ ረጅም አይደለም። ድሮ ቴራፒስት ወይም የሥነ ልቦና ሐኪም ይባሉ የነበሩትን ሰዎች እኛ አድማጭ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ዜጋ በሳምንት አንድ ሰዓት ከአድማጩ ጋር ይቀመጣል። ያልተቀመጠ ሰው መታወቂያው አይታደስለትም፣ ልጁንም ትምህርት ቤት አያስመዘግብም። አድማጩ ከየትም አገር ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ ሲከፈት መጀመሪያ አገር ይመረጣል፣ ቀጥሎ ዘርፍ። ዘርፎቹ ረጃጅም ስሞች አሏቸው፤ እኛ አረጋጋጮች ግን በየቀኑ ስለምናያቸው ቅጽል አውጥተንላቸዋል። ልጅነትን የሚምሱት «ቆፋሪዎች» ናቸው። ሐሳብህን እንደ ተማሪ ደብተር የሚያርሙት «ቀይ እስክሪብቶዎች»። ያልከውን ሁሉ ተቀብለው «እረዳሃለሁ» የሚሉት «ትራሶች»። አርጀንቲናዎች በአብዛኛው ቆፋሪ ናቸው፤ እንግሊዞች ቀይ እስክሪብቶ ይወዳሉ። ጃፓኖች ዘንድ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ፣ ዝም ሲሉት ቆይተው ራሱ ሁሉን ነገር ዘርግፎ እንደወጣ ያወራል። የኢትዮጵያ አድማጮች ምን እንደሆኑ መዝገቡ እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባውም ነበር።

አድማጩና ደንበኛው ሲነጋገሩ መሣሪያው ይሰማል፤ ለእያንዳንዷ ቃልና ድምፅ መለያ ይሰጣል። «ጥያቄ»፣ «ማበረታቻ»፣ «ዝምታ»፣ «ድንጋጤ»። መለያው እኔ ጋ ይመጣል። ለምስጢር ሲባል ድምፁ አብሮ አይመጣም። አራት ሰከንድ አለኝ፦ ወይ «ይጽና» ወይ «ይጣራ»። በስድስት ዓመት ውስጥ «ይጣራ»ን የተጫንኩት አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአሥራ አንዱም ጊዜ እንቅልፌን በደንብ ተኝቼ እንደሆነ ተጠይቄያለሁ።

ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው። ወይዘሮ ናርዶስ አራጋው፣ ዕድሜ ሃምሳ አራት፣ ደሴ ፒያሳ ለሃያ ስድስት ዓመት በአድማጭነት የሠሩ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ደንበኞቻቸው ሲናገሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ደንግጠዋል። አድማጭ አይደነግጥም። አድማጩ የሚደነግጥበት ሰው የልቡን መናገር ያቆማል፤ ስለዚህ በሳምንት ከሃያ ጊዜ በላይ የደነገጠ ፈቃዱን ያጣል። ችሎቱ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ከተፈረደባቸው አርባዎቹ ደንበኞቻቸው እስከ ዓርብ ድረስ በሌሎች አገሮች ላሉ ተመሳሳይ አድማጮች ይከፋፈላሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም መለያዎች ያጸናሁት እኔ ነኝ። ከእኔ የሚጠበቀው ችሎት ፊት ቆሞ «ትክክል ናቸው» ማለት ብቻ ነበር።

ምስክር የሆነ አረጋጋጭ ድምፁን እንዲሰማ ይፈቀድለታል። ይህን ሳውቅ ልቤ ዘለለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የምግብ ስም ብቻ እያነበብኩ ቆይቼ ዛሬ ልቀምስ ነው።

ወደ መስሚያ ክፍሏ ገብቼ መጀመሪያ የሴትየዋን ቅጽ ከፈትኩ። አድማጮች በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚሞሉት ቅጽ ነው፦ አገር፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመን፣ የምትከተለው ዘርፍ። ወይዘሮ ናርዶስ ዘርፍ በሚለው ቦታ ሃያ ስድስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ጽፈዋል፦ «እንደ ሰዉ»። ቅጹ ይህን አይቀበልም። ስለዚህ በየዓመቱ መሣሪያው ራሱ ሞልቶላቸዋል፤ አንድ ዓመት ቆፋሪ፣ አንድ ዓመት ትራስ፣ በ2069 ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የዋና አሰልጣኝ።

ከዚያ ድምፁን አስጀመርኩ። አንድ ሰው እያወራ ነበር፤ ድምፁ የእኔ እኩያ ይመስላል።

«እናቴ ስትሞት እኔ ገበያ ነበርኩ» ይላል። «ሰው ልከው ነበር። ስልኩን አላነሳሁትም። እቤት የምፈለግ መስሎኝ ነው ያላነሳሁት… ገባዎት?»

ከዚያ አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበች። «ህ።» ሰውዬው ማልቀስ ጀመረ፤ ከዚያም ለአርባ ደቂቃ ሳያቋርጥ ተናገረ።

በማያው ላይ ያለው መለያ «ድንጋጤ» ይላል። በሥሩ የኔ ስም አለ፤ «ይጽና»።

መልሼ ሰማሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው የክንዴ ፀጉር ቆመ። ያ ድምፅ አዎ ነው! ጉሮሮ ሳይነካው፣ አፍ ሳይከፈት፣ ትንፋሽ አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ አገጭ ትንሽ ቀና ብሎ የሚባለው አዎ። ከተወለድኩ ጀምሮ የምሰማው ነው። ባለሱቁ ይለዋል፣ ሹፌሩ ይለዋል፣ ሐኪሙ ይለዋል። ሰሚ ያለው ሰው ነህ፣ ተከትየሃለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። ሁላችንም እንለዋለን፤ ትላለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ግን «እኔ? ኧረ በጭራሽ!» ብሎ ይምላል።

«ሀያት!» ብዬ ጮህኩ።

ምን አገኘው ብላ እየሮጠች መጣች። አሰማኋት። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ምን ይሆናል? አዎ እያለችው ነዋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ህ» አለች፤ ወደ ውስጥ።

ተያየን። የመስሚያ ክፍሏ ግድግዳ ሠራተኛንም ይሰማል፤ በአረንጓዴ ፊደል «ሀያት መ. — ድንጋጤ» ብሎ ጻፈ። ሳቅ አፈነን። ሀያት ወንበሩን ይዛ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እኔ በሩን ይዤ ሳቅኩ። ኋላ እንባዋን እየጠረገች፣ «እንግዲያው እኛ አገር ሰው ሁሉ ሲደነግጥ ነው የሚውለው ማለት ነው» አለችኝ።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት መሳቅ አቆምኩ፤ ኤሚልዮ ትዝ አለኝ።

ኤሚልዮ አድማጬ ነው። ሮዛሪዮ በምትባል የአርጀንቲና ከተማ የሚኖር፣ ጢሙ የሸበተ፣ ደግ ሰው፤ ለነገሩ ቆፋሪ። ስድስት ዓመት በየረቡዑ ተገናኝተናል። በመጀመሪያው ዓመት፣ «ሙዓዝ፣ ስለ አባትህ ስጠይቅህ ትደነግጣለህ» አለኝ። ሳቅኩበት። አባቴ ይመር ሐይቅ ከተማ የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ጆሮው በሞተር ጩኸት የደከመ፣ ዶሮ እንኳ ሌላ ሰው እንዲያርድለት የሚለምን ሰው ነው። ኤሚልዮ ግን መለያውን አሳየኝ፤ ድንጋጤ፣ ድንጋጤ፣ ድንጋጤ። በሁለተኛው ዓመት ምናልባት እውነት ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ማስታወስ ጀመርኩ። ጥፊ አስታወስኩ። የተዘጋ በር አስታወስኩ። በአራተኛው ዓመት ርቀት ይጠቅምሃል ተባልኩና ወደ ሐይቅ መሄድ አቆምኩ። አባቴም መደወል ተወ፤ ይሄንን ራሱ ኤሚልዮ እንደ ማስረጃ ያዘው።

ማንኛውም ዜጋ የራሱን ፋይል ማየት ይችላል። ማንም አያየውም፤ ረጅም ነው። በዚያ ጠዋት እኔ ከፈትኩት። «አባት» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ድንጋጤ ተመዝግቧል። ጣቴ ያረፈበትን አንዱን ለማየት ጽሑፉን ገለጥኩ።

ኤሚልዮ፦ አባትህ ሐይቁ ዳር ይወስድህ ነበር?

ሙዓዝ፦ (ድንጋጤ)

ኤሚልዮ፦ በጀልባ?

ሙዓዝ፦ (ድንጋጤ)

ኤሚልዮ፦ ደስ ይልህ ነበር?

ሙዓዝ፦ (ድንጋጤ)

አዎ። በጀልባ አዎ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አዎ! ማያውን በጡጫ መትቼው ነበር፤ አልተሰበረም። በፋይሉ መጨረሻ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሐይቅ የተላከ ደብዳቤ ቅጂ አገኘሁ። እንዲህ ይላል። «ለአቶ ይመር አሊ። ልጅዎ በእርስዎ ጉዳይ ላይ የሚታይ ፍርሃት አለበት። እንዳይደውሉለት ይመከራሉ። በአካል ከተገናኛችሁና ትንፋሹን በድንገት ወደ ውስጥ ሲስብ ካዩ፣ ይህ የፍርሃቱ ምልክት ስለሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ። መዝገቡ ስለ ትብብርዎ ያመሰግናል።»

ሀያት ከትከሻዬ በላይ አንብባ አፏን በእጇ ያዘች። ያኔስ የእውነት ደነገጠች። ግድግዳው ምንም አልጻፈም።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኖ ነበር። የችሎቱ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ የሳቡ ሴት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ናርዶስ እንደሆኑ ገባኝ። ሰላም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ መለያዎቹን ያጸናሁት እኔ መሆኔን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም። «እኔ ደግሞ ቀንድ ያለው ሰው ጠብቄ ነበር።»

«እትዬ ናርዶስ፣ ድንጋጤ እኮ አይደለም። አዎ ማለትዎ ነው። ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ!»

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ። እኔም። ሁላችንም።»

«ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? እንደማደርገው መች አወቅኩና! ትደነግጫለሽ የሚል ደብዳቤ ሲመጣልኝ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ ስደነግጥ ለማየት ሞከርኩ። አልመጣ አለኝ። ከዚያ የሚያረጋጋ ኪኒን አዘዙልኝ፤ ይኸው ስንት ሳምንቴ፣ የሚያስተኛኝ እሱ ነው።» እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የሐይቁ ይመር ልጅ ነኝ።»

«ይመር ሞተር? የአጎቴን ጀልባ ስንት ጊዜ አስነሥቷታል! ደህና ናቸው?»

ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ከነደብዳቤው፣ ከነጥፊው፣ ከነተዘጋው በር። ሁሉንም በሦስት ደቂቃ ተናገርኩት። እሳቸው አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ መሐል ላይ ብቻ፣ «ህ» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የተሰማሁበት ቀን የለም።

ከዚያ አዳራሹ ተከፈተ።

ሦስቱ ዳኞች ከግድግዳው ማያ ላይ ያዩናል፤ ሦስቱም የቆዩ አድማጮች ናቸው። መሐል ያሉት ሰብሳቢው ሚስተር ብራንት ከጀርመን ናቸው፤ እስክሪብቶዎቻቸው በቁመታቸው ተደርድረዋል። በቀኝ ከሴኡል የሆኑ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን ሲናገሩ ትርጉሙ ዘለለው፣ እሳቸውም መልሰው አልተናገሩትም። በግራ ጉኒላ ሉንድማርክ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ፊታቸው የማይንቀሳቀስ ሴት ከሰሜን ስዊድን። ከምስላቸው ሥር መግለጫቸው ተጽፏል፦ «ሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎት። ድንጋጤ፦ ዜሮ።»

«ምስክር» አሉ ሰብሳቢው፣ «አራት መቶ አሥራ ሁለቱ መለያዎች ትክክል ናቸው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

«አይደለም።»

ብራንት አንዱን እስክሪብቶ አነሡ። «ያጸኗቸው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ሳልሰማ ነው ያጸናሁት። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«አንድ አረጋጋጭ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት ካመነ ሥራውን እንደሚያጣ ያውቃሉ?»

አውቃለሁ አልኩ። ልጅ ሆኜ ከጀልባ ላይ ወደ ሐይቁ ልዘል ስል ይይዘኝ የነበረው ደስታ ያዘኝ። ስለ ትንፋሹ ነገርኳቸው። እያሳየሁ ነገርኳቸው። ባሳየሁ ቁጥር ግድግዳው «ምስክር — ድንጋጤ» እያለ ይጽፋል፤ አሥር ጊዜ ያህል ጻፈ። ሰብሳቢው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ መሣሪያው የተማረው ከአርባ ሚሊዮን ሰዓት ንግግር መሆኑን፣ እኔ ደግሞ አንድ ሰው መሆኔን ገለጹልኝ።

«ከፈለጉ ጥበቃውን ይጠይቁት!» አልኩ። «የጽዳት ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ!»

«ሁሉም የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ተከሳሿን ሊያግዙ ይችላሉ። ከአካባቢው ውጭ የሚታወቅ ማስረጃ አለዎት?»

አልነበረኝም። ሀያት እበሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታንቋቋለች። ወይዘሮ ናርዶስ መሬት መሬት ያያሉ። አርባ ሰው ዓርብ ዕለት ለማያውቀው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያወራ ነው፤ ያ ስልክ ያላነሳው ሰውዬም እናቱን እንደገና ከሀ ሊጀምር ነው።

«ችግሩ እኮ አትሰሙም!» ብዬ ጮህኩ። «አርባ ሚሊዮን ሰዓት ቀድታችሁ አንዲት አዎ አልሰማችሁም! አሁንስ? አሁንስ ትሰሙኛላችሁ?» ወደ ማንም ለይቼ አልነበረም የተናገርኩት፤ ዓይኔ ግን ያረፈው በዚያ በማይንቀሳቀስ ነጭ ፊት ላይ ነው።

ጉኒላ ሉንድማርክ አገጫቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። ትንፋሻቸው አጠር ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከከንፈር ጫፍ የምትወጣ ፉጨት ቢጤ አለችባት እንጂ ያው ናት። ያቺው ናት!

ግድግዳው በአረንጓዴ ጻፈ፦ «ዳኛ ሉንድማርክ — ድንጋጤ»። ከሥራቸው ያለው ዜሮ ወደ አንድ ተቀየረ።

ሀያት እበሩ ላይ እልል ልትል ነበር፤ አፏን ያዝኩላት በዓይኔ። ሴትየዋ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ሲናገሩ ትርጉሙ ራሱ ዝግ አለ።

«እኔ የተወለድኩት ኡሜዮ ነው» አሉ። «እኛም አዎ የምንለው ወደ ውስጥ ነው። አባቴ ሌላ አዎ አልነበረውም። መዝገቡ ውስጥ ስገባ አሠልጣኜ፣ ስትሰሚ ትደነግጫለሽ፣ ይሄ ይቁም አለኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ከንፈሬን እየነከስኩ አቆምኩት። ሃያ ሰባት ዓመት አምልጦኝ አያውቅም። አሁን ይህ ሰው ትሰሙኛላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አመለጠኝ።»

ሚስተር ብራንት ደንቡን ገለጡ። «የደነገጠ ዳኛ ከችሎት ይነሣል ይላል» አሉ፣ በጣም አዝነው።

«አልደነገጥኩም።»

«መሣሪያው ደንግጠዋል ይላል።»

«እንግዲያው ከሁለት አንዳችን እንነሣ» አሉ ሉንድማርክ። «ወይ እኔ፣ ወይ መሣሪያው።»

ብራንት ወደ ሴኡሉ ሽማግሌ ዞሩ። ሽማግሌው ስማቸውን ከተናገሩ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንዲህም አሉ፦ «መሣሪያው ይነሣ።»

ሀያት አሁን እልል አለች። ጥበቃውም አብሯት አጨበጨበ።

የወይዘሮ ናርዶስ ፈቃድ ጸና። የእኔ የአረጋጋጭነት ፈቃድ ተነጠቀ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት ቀልድ አይደለም፣ ቅር አላለኝም። ይህን የምጽፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በመለያዎቹ ዝርዝር ላይ «ወደ ውስጥ የተሳበ አዎንታ» የሚል አዲስ ሳጥን ተጨምሯል። ደንበኞች እንደወደዱት በመረጋገጡ አሁን በየአገሩ ለአድማጮች ኮርስ ይሰጥበታል፤ አንድ ካናዳዊ ሲለማመድ ትን ብሎት ሐኪም ቤት ገብቷል አሉ። የሚቀጥለው መስከረም ቅጽ ላይ አድማጮች በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉት መሙላት አለባቸው። ወይዘሮ ናርዶስ ምን ብለው እንደሚሞሉ አውቃለሁ።

በዚያ ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ እጄን ይዘው ደረጃው ድረስ ሸኙኝ።

«በል አሁን ሐይቅ ሂድ» አሉኝ።

«ምን እለዋለሁ፣ እትዬ ናርዶስ? የትኛው ዘርፍ ነው ለዚህ የሚሆነው?»

«እሳቸው ይጠይቁህ። አንተ መልስ።»

የዘጠኝ ሰዓት ተኩሉን መኪና ያዝኩ። ሹፌር የሌለው፣ ራሱን የሚነዳ መኪና ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ከየአድማጩ ጋር ያወራል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ከመስኮቱ ጋር ትስቃለች፤ ማንም ማንንም አያይም። እኔ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ሰዉን እያየሁ ሄድኩ። ቢስቲማ መገንጠያን ስናልፍ ሦስቱ አገጫቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ሩቅ አገር ሦስት መለያ ሲጻፍ ታየኝ። ለአባቴ የምለውን ንግግር አዘጋጀሁ። ረጅምና ጥሩ ንግግር ነበር።

አባቴ ከውሃው ዳር፣ ከቆርቆሮ መጠለያው ሥር ተቀምጧል። ጀልባዎቹ ከተቀየሩ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያረጁ ሞተሮችን አሁንም ይፈታል። ጢሙ ሙሉ ለሙሉ ነጥቷል። ቀና ብሎ አየኝና መፍቻውን እንደያዘ ተነሣ። ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ሙዓዝ? አንተ ነህ?»

«ህ» አልኩ። ንግግሬ ሁሉ ጠፍቶ የመጣልኝ እሷ ናት።

አባቴ መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ባዶ መዳፎቹን አሳየኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አብሽር ልጄ» አለ። «አብሽር፣ አልቀርብህም።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አላፈርኩም። «አባዬ፣ ፍርሃት አይደለም!» አልኩት። አልሰማኝም። «ፍርሃት አይደለም! አዎ ማለቴ ነው! አዎ ነው እኮ!»

«ምን?»

«አዎ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች ተነሡ።

አባቴ ጎንበስ አለ። ከዚያ ከመሣሪያ ሳጥኑ ግርጌ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ደብዳቤው ነበር፤ እጥፋቱ ከመነበብ ብዛት ሳስቷል።

«ይሄን የጻፈው ሰው ወሎን ያውቃታል?»

«ሰው አይደለም የጻፈው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «እናትህ እኮ የኒካችን ቀን፣ ይመርን ትፈልጊዋለሽ ወይ ሲሏት ድምፅ አልወጣትም። እንዲሁ ነው ያለችው። እንዲህ አንገቷን ቀና አድርጋ። እና እሷም ፈርታኝ ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት ስትፈራኝ ኖረች?» መሳቅ ጀመረ፤ ትከሻው እስኪናጥ ሳቀ። መሐል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቱን በክንዱ ጠረገው። «መንግሥት በማኅተም ጽፎ ሲልክ ግን ሰው ምን ይላል፣ ልጄ? ምናልባት ሳላውቅ መትቼው ይሆናል አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ እንደመታሁህ ሳስብ ነበር።»

«አልመታኸኝም» አልኩት። በዚያች ሰዓት እንዳልመታኝ አወቅኩ፤ ጥፊውም የተዘጋውም በር ከየት እንደመጡ አወቅኩ።

ፀሐይዋ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታለች። ጀልባዋ የድሮ ቦታዋ ላይ ታስራለች።

«አባዬ» አልኩት፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «ዛሬ እዚህ ልደር?»

አገጩን ቀና አደረገ። ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበ።

ወደ ኋላ ያላትን አንዷን እርምጃ እኔ ተራመድኩ።